ሞተር ሳይነሳ የሚጀምር ወንጀል፦ አዳማ ላይ ለሹፌሮች፣ ለባለንብረቶችና ለቤተሰቦች የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እሁድ ከሰዓት ለሹፌር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጅ የሚታይባት፣ እግር የሚዘረጋባት ሰዓት ናት፣ እሷን ትታችሁ እዚህ አዳራሽ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ እባካችሁ ወደፊት ኑ፣ በቀኝ በኩል ወንበር አለ። ከፊት ጥቁር ለብሳችሁ የተቀመጣችሁትን ደግሞ ስገባ አይቻችኋለሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ዛሬ የማወራው ነገር ቁስላችሁን ሊነካ ይችላል፣ ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ግን እናንተ ፊት አለሳልሼ ባልፈው ነው የበለጠ የምበድላችሁ።

እኔ ለአስራ አንድ ዓመት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ፣ አሁን ጠበቃ ነኝ። ማለት ሹፌር ስከስም ኖሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ ለሹፌር እከራከራለሁ። ከሁለቱም በፊት ግን የሹፌር ልጅ ነኝ። አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር፣ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው፣ እዚህ እድሜያቸው የገፋ አባቶች ታውቁታላችሁ። የአባቴን ነገር ኋላ እመለስበታለሁ፣ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛው መኪና ሰው ሲገድል ሕጉ ምን ይላል። ሁለተኛው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ሰው ምን ማድረግ አለበት። ሦስተኛው ማንም የማይነካው፣ እኔም ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ያልነካሁት ነገር ነው፣ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

ከዛ በፊት ግን አንዲት ቃል። "አደጋ ደረሰ" እንላለን አደል? አደጋ ደረሰ። ማን አደረሰው? እሱ የለም፣ ዝም ብሎ ደረሰ፣ እንደ ዝናብ። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ስሙ፣ "ምን ይደረግ ቀኑ ደርሶ ነው፣ የታዘዘ ነው"። እኔ እምነታችሁን አልነካም፣ እኔም አማኝ ነኝ። ግን ሕጉ "ደረሰ" አይልም። ሕጉ የሚለው በቸልተኝነት ሰው የገደለ ነው። ገደለ! ቃሉ ይከብዳል፣ አውቃለሁ ይከብዳል። ፍርድ ቤት ውስጥ ክሱ ሲነበብ ይቺ ቃል ላይ ሲደርስ ጉልበቱ የከዳው ሹፌር አይቻለሁ። "እኔ እኮ ገዳይ አይደለሁም" ይላል፣ ያለቅሳል። እውነቱን ነው፣ ጠዋት ሲነሳ ሰው ልግደል ብሎ አልተነሳም። ታዲያ ሕጉ ምን እያለው ነው?

እሺ አንደኛው ነጥብ። ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ አንቀጽ 543። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራበት። ድሮ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ጊዜ 526 ነበረች፣ አባቴ እስኪሞት ድረስ "አምስት መቶ ሃያ ስድስት" ነበር የሚላት፣ እንደ ሰው ስም። አሁን 543 ናት፣ ሦስት ንዑስ ቁጥር አላት።

ንዑስ አንድ፣ ማንም ሰው በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ። ይሄ ማንም ሰው ነው፣ ከፎቅ ላይ ድንጋይ የጣለውም ቢሆን። ንዑስ ሁለት ግን እናንተን በሙያችሁ ይጠራችኋል። የሰው ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ይልና ምሳሌ ሲሰጥ ሐኪምና አሽከርካሪ ይላል። ልብ በሉልኝ፣ ሐኪምና አሽከርካሪ! አንድ መስመር ላይ። እኛ ሹፌርን "ሹፌር ነው" ብለን የምንንቀው ሰዎች፣ ሕጉ ግን ነጭ ጋውን ከለበሰው ዶክተር ጎን ነው ያስቀመጠው፣ ምክንያቱም የሰው ነፍስ እጁ ላይ ነው። ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ነው፣ በዛ ላይ ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ። እዚህ "ወይም" የለም፣ ሁለቱም ነው።

ንዑስ ሦስት። አሁን ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ። ከአምስት እስከ አስራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ። መቼ? በሦስት መንገድ ነው የሚገባው፣ የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ሹፌሩ ግልጽ የሆነ ደንብ እያወቀ ከጣሰ፣ ወይም ጠጥቶ ወይም ሌላ ነገር ወስዶ ራሱን መቆጣጠር የማይችልበት ሁኔታ ውስጥ ከከተተ። ንዑስ ሁለት አምስት ዓመት ላይ ያልቃል፣ ንዑስ ሦስት አምስት ዓመት ላይ ይጀምራል። የአንዱ ጣሪያ የሌላው ወለል ነው። በዛ ላይ ጣሪያው አስራ አምስት ስለሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 63 ምክንያት ገና ከመጀመሪያው ዋስትና ላይ ነው ጭቅጭቁ፣ ስንቱ ቤተሰብ መኪና ሸጦ ዋስ ይዞ መጥቶ "ዋስትና ተከልክሏል" ተብሎ ተመልሷል።

ታዲያ በሁለትና በሦስት መካከል ያለው ልዩነት ምንድነው? የሞተው ሰው ያው አንድ ሰው ነው። ለቅሶው ያው ነው። ልዩነቱ ከግጭቱ በፊት ያለችው ሰዓት ላይ ነው። አውቀህ ነው ሳታውቅ? ይሄን ነው ሕጉ የሚጠይቀው። አንቀጽ 59 ላይ ቸልተኝነትን ሲተረጉም ሁለት ዓይነት ሰው ያሳየናል፣ አንዱ ውጤቱ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ "ኧረ አይመጣም" ብሎ የገባ፣ ሌላው ደግሞ ማወቅ እየነበረበት ወይም እየቻለ ሳያስብ የገባ። ማወቅ ነበረበት ወይ የሚለውን ሲመዝን እድሜውን፣ ልምዱን፣ ትምህርቱን፣ ሥራውን ያያል። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው "አላወቅኩም" ሲል ዳኛው ቀና ብሎ ነው የሚያየው።

አንድ ኬዝ ልንገራችሁ፣ ከተማውን አልናገርም። ዐቃቤ ሕግ እያለሁ ነው። ሚኒባስ፣ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ዜብራ። ሁለት እህትማማች ልጆች ሊሻገሩ ነው፣ ትልቋ የታናሿን እጅ ይዛለች። ታናሿ ሞተች። ሹፌሩ ቃሉን ሲሰጥ "ድንገት ገባችብኝ" አለ፣ ሁሉም የሚለው እሱን ነው። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ላይ ከዜብራው በፊት የፍሬን ምልክት የለም፣ አስፋልቱ ላይ ምንም የጎማ ጭረት የለም፣ ከዜብራው ካለፈ በኋላ ነው የሚጀምረው። ለምን? ከዛ የስልኩን ዝርዝር አስመጣን። አንድ ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ ላይ ደውሏል፣ አራት ደቂቃ አውርቷል። ልጅቷ የተገጨችው አንድ ሰዓት ከአስራ አምስት ላይ ነው። የደወለለት ጓደኛው ቀርቦ መሰከረ፣ ማታ የነበረውን የኳስ ውጤት ነበር የሚያወሩት፣ ውርርድ ቆርጠው ነበር። የልጅቷ እናት ችሎት ውስጥ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ለዳኛው እጇን አውጥታ "ጌታዬ፣ ስንት ለስንት ነበር የወጡት?" ብላ ጠየቀች። ማንም መልስ አልሰጣትም። እኔ ፋይሌን ነው ያየሁት፣ ቀና ማለት አልቻልኩም።

ያ ሰው በንዑስ ሦስት ነው የተፈረደበት። እየነዱ ስልክ መያዝ ክልክል እንደሆነ ደንቡ ላይ በግልጽ አለ፣ እሱም ያውቃል፣ መንጃ ፍቃድ ሲያወጣ ተፈትኖበታል። ጠበቃው "ትንሽ ስህተት ናት" ብሎ ተከራክሮ ነበር። እውነት ለመናገር የትኛው ደንብ መጣስ ነው ወደ ሦስት የሚያስገባው የሚለው ላይ ባለሙያው ሁሉ አንድ አይደለም፣ ትንሿም ትልቋም ጥሰት ሦስት ውስጥ ከገባች ሁለት ባዶ ይቀራል የሚሉ አሉ፣ አሁን ጠበቃ ሆኜ እኔም አንዳንዴ እሱን እከራከራለሁ። ግን ስልክ ትንሽ አይደለም። ስልክ ትንሽ አይደለም ወንድሞቼ!

ሌሎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቁልቁለት ላይ ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ፣ ከዛ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሲል "ፍሬን በጠሰብኝ"። ፍጥነት መገደቢያውን በመካኒክ ማስነቀል። ሌሊት ለመንቃት ጫት መቃም፣ ምርቃናው ሲያልቅ የሚመጣውን እንቅልፍ ማን ይችለዋል፣ የሚያንቀላፋው እኮ አስፋልቱ ላይ ቀጥ ባለው ቦታ ነው፣ ከአዋሽ ወደ ገዋኔ እንዳለው ዓይነት፣ ምንም በሌለበት። ጭነት መኪና ላይ ሰው መጫን ደግሞ። ታህሳስ 20 ቀን 2017 ሲዳማ ቦና ላይ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ አይሱዙ ላይ የተጫኑ ሰርገኞች ወንዝ ውስጥ ገብተው 71 ሰው አለቀ። በዛ ኬዝ ማን ጥፋተኛ ነው አልልም፣ የያዝኩት ፋይል አይደለም። የምለው ግን ስፖንዳ ላይ ሰው ተደርድሮ ስታዩ፣ "ለአንድ ቀን ነው፣ ሰርግ ነው" ተብላችሁ ስትለመኑ፣ ንዑስ ሦስት ሁለት ሰው ይበቃዋል። ሁለት።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት ከመግባቴ በፊት "ውጭ አገር ይቀላል አይደል?" ብሎ ጠይቆኛል። አይቀልም ወንድሜ። እንግሊዝ አገር በአደገኛ አነዳድ ሰው መግደል በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ጣሪያው 5 ዓመት ነበር፣ ከዛ 10 ሆነ፣ ከዛ 14፣ ከ2022 ጀምሮ ዕድሜ ልክ ሆኗል። ጀርመን ደግሞ በርሊን ላይ በፈረንጆቹ 2016 ሁለት ወጣቶች መሀል ከተማ ውስጥ መኪና ሲሽቀዳደሙ ቀይ መብራት ጥሰው በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ እየሄዱ አንድ የ69 ዓመት ሰው ገደሉ፣ ፍርድ ቤቱ ቸልተኝነት አላለውም፣ ነፍስ ግድያ ነው አለ። ውሳኔው አንዴ ፈርሶ እንደገና ታየ፣ በ2020 የገጨው ልጅ ላይ ጸና። ለምን ብትሉ፣ "ቢሞትም ይሙት" ብሎ የገባ ሰው ቸልተኛ ሳይሆን አስቦ ያደረገ ነው የሚል መርህ ስላለ። እኛስ የለንም? አለን! አንቀጽ 58 ላይ አለ፣ ውጤቱ ሊከተል እንደሚችል እያወቀ የመጣው ይምጣ ብሎ ያደረገ ሰው ሐሳብ እንዳለው ይቆጠራል። ከዛ 543 ቀርቶ 540 ይሆናል፣ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት። እኛ ጋ በመኪና ላይ ብዙ አይሠራበትም። ግን ቲክቶክ ላይ መሪ ለቆ እየነዳ ቪዲዮ የሚለጥፍ ልጅ አይቼ "ይሄ ልጅ ማስረጃውን በራሱ እጅ እየሰበሰበ ነው" ብያለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ። ደረሰ፣ ምን ይደረግ? በአጭሩ፣ አትሽሹ። ለምን እንደምትሸሹ አውቃለሁ። ሕዝቡን ፈርታችሁ ነው። ድንጋይ ይመጣል፣ ዱላ ይመጣል፣ አንዳንዴ ሹፌር ተደብድቦ ሞቷል። ፍርሃቱ እውነት ነው፣ ሐሰት ነው አልላችሁም። ግን መራቅና መሰወር ይለያያል። ሕይወትህ አደጋ ላይ ከሆነ ራቅ በል፣ ግን ደውል፣ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፣ 991 ፖሊስ ነው፣ ከዛ በቀጥታ የመጀመሪያው ፖሊስ ጣቢያ ግባና ስምህን አስመዝግብ። አንቀጽ 575 አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ጥሎ የሄደን ይቀጣል፣ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

አንድ ደንበኛዬ ነበር፣ አሁን ጠበቃ ከሆንኩ በኋላ። ሌሊት ገጨና ሄደ። ሰውየው ግን ወዲያው አልሞተም፣ የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ያህል ሕይወት እንደነበረው ተጽፏል፣ ጠዋት ከቦይ ውስጥ ነው ያነሱት። ደንበኛዬ እስር ቤት ሆኖ እሷን ወረቀት እንዳነብለት ጠየቀኝ፣ አነበብኩለት። "አንድ ሰዓት" አለ። ሌላ ምንም አላለም። በቀጠርንበት ቀን ሁሉ ስሄድ "አንድ ሰዓት" ይለኛል። አንድ የስልክ ጥሪ ነበር የጎደለው። ተጎጂ ይዞ የመጣን ሰው "ገንዘብ አምጣ" ብለው ጤና ተቋም በር ላይ እንዳያቆሙት አስቸኳይ ሕክምና የመስጠት ግዴታ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጁ ላይ አለ፣ 799/2005። ገጭቶ የጠፋ መኪና እንኳን ቢሆን ለተጎጂው የሚከፍል ፈንድ በዚሁ አዋጅ ተቋቁሟል፣ ይሄን የማያውቅ ቤተሰብ ስንት እንደሆነ ብነግራችሁ ትገረማላችሁ።

በሌላ በኩል የቆመ፣ የረዳ፣ ራሱን ለፖሊስ የሰጠ፣ ጥፋቱን ያመነ፣ ጉዳቱን በአቅሙ የካሰ ሰው ይሄ ሁሉ አንቀጽ 82 ላይ ቅጣት ማቅለያ ሆኖ ተጽፎለታል። እርቅም እዚህ ነው ቦታው። እኛ አካባቢ ጉማ አለ፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ይለመናል፣ ካሣ ይወሰናል፣ ደም ይደርቃል። ታላቅ ነገር ነው፣ የሁለት ቤተሰብ ልጆች ገበያ ላይ ሲተያዩ እንዳይሸሹ ያደርጋል፣ እሱን ፍርድ ቤት ሊያደርገው አይችልም። ግን በደንብ ስሙኝ፣ እርቅ ክሱን አይዘጋውም። "ታርቀናል እኮ ለምን ይከሰሳል" ብለው አዛውንቶች ቢሮዬ ድረስ መጥተው ተቆጥተውኛል፣ ከሳሹ መንግሥት ስለሆነ ነው አባቶቼ፣ እርቁ ቅጣቱን ያቀልለታል እንጂ ፋይሉን አያስቀረውም። ደግሞ ለቤተሰብ የምላችሁ፣ እርቅ ላይ ወረቀት ስትፈርሙ ምን እንደምትፈርሙ አስነብቡ፣ ካሣ የመጠየቅ መብታችሁን አብራችሁ ፈርማችሁ እንዳትሰጡ።

ሦስተኛው። አሁን የአባቴን ልናገር።

1975 ዓ.ም. ነው፣ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ከአሰብ ጭኖ አዲስ አበባ ገባ፣ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ነው። ቤት መጥቶ ታጠበ፣ እናቴ ሽሮ አቀረበችለት፣ ገና ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ባለንብረቱ ሰው ላከበት። መርከብ ገብቷል፣ ወረፋ እንዳያመልጥ አሁኑኑ ተመለስ። አባቴ "ልተኛ" አለ። የተላከው ሰው "እምቢ ካልክ ቁልፉን ስጠኝ ሌላ ሹፌር አለ" አለው። አባቴ እጁን ታጠበና ወጣ። ሽሮው ሰሀኑ ላይ ቀረ፣ እናቴ እስከ ማታ አላነሳችውም ነበር።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ገዋኔን አልፎ፣ አስፋልቱ ቀጥ ባለበት፣ አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ ገጨ። ያነቃው የመኪናው ድምፅ ነው። አባቴ ኋላ ሲነግረኝ ስለ ልጁ ብዙ አያወራም፣ ስለ ፍየሎቹ ነው የሚያወራው። "አልሸሹም" ይለኛል። "ያ ሁሉ መኪና ጮኾ ቆሞ፣ እነሱ አልሸሹም፣ ጌታቸው እስኪነሳ ነው የሚጠብቁት።" ፖሊስ እስኪመጣ ሰዓታት ፈጀ፣ አባቴ አልሸሸም፣ ፍየሎቹም አልሸሹም።

ፍርድ ቤት ቀርቦ "ልጁ ዘሎ ገባብኝ በል" ብለው ሰዎች መከሩት፣ ምስክር የለም፣ ማን ያውቃል። አባቴ "ተኝቼ ነበር" አለ። ሌላ አልጨመረም። ከሁለት ዓመት በላይ ታሰረ፣ እናቴ ምሳ ዕቃ ይዛ ስትመላለስ እኔ ቀሚሷን ይዤ እከተል ነበር። ባለንብረቱ መኪናውን በሳምንቱ አስጠግኖ ሌላ ሹፌር ቀጠረ። በዛ ሁሉ ክርክር ውስጥ፣ ፖሊስ ጣቢያም ዐቃቤ ሕግ ጋም ችሎትም፣ አባቴን "ለምን ተኛህ?" ብለው ጠይቀውታል። "ሳትተኛ ማን አስነሳህ?" ብሎ የጠየቀው ግን የለም። አንድም ሰው!

እኔ ይሄን እያወቅኩ ሕግ ተማርኩ። ዐቃቤ ሕግ ሆንኩ። ከዛስ? አንድ ቀን አንድ የገልባጭ መኪና ፋይል ደረሰኝ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን አልያዘም፣ ሦስት ሰው ሞቷል። መካኒኩ ቃሉን ሲሰጥ "ፍሬኑ መቀየር አለበት ብዬ ለባለንብረቱ ነግሬያለሁ፣ አንድ ቢያጆ፣ አንድ ጉዞ ብቻ ይመልስና ይገባል ብሎኛል" ብሎ ነበር። ቃሉ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ በእጄ ይዤዋለሁ፣ አስምሬበታለሁ። ሹፌሩን በንዑስ ሦስት ከሰስኩት። ባለንብረቱን? ምስክር አድርጌ ቆጠርኩት። ጥሩ ሸሚዝ ለብሶ መጥቶ "መኪናው የእኔ ነው፣ ሹፌሬ ነበር" ብሎ መስክሮ ሄደ። ለምን እንደዛ እንዳደረግኩ ዛሬ ብትጠይቁኝ ልማድ ነው ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። የመኪና ኬዝ ሲመጣ መሪ የያዘውን ነው የምናየው። ያ ሹፌር ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ይሄን ለመናገር ነው ዛሬ የመጣሁት።

ሕጉ እኮ እንደዛ አይልም! 543 ንዑስ አንድ "ሹፌር" አይልም። ማንም ሰው ነው የሚለው። ማንም! ፍሬኑ እንደማይዝ ተነግሮት መኪና ያሰማራ ባለንብረት፣ ሁለት ሌሊት ያልተኛን ሰው "ካልሄድክ ቁልፉን አምጣ" ያለ፣ ትርፍ እንዲጭን ያዘዘ፣ እሱ ውጤቱን ማወቅ አልነበረበትም? ማወቅ አይችልም ነበር? 59ን እንደገና አንብቡት። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ "ማነሳሳት ሐሳብ ይፈልጋል፣ በቸልተኝነት ወንጀል አነሳሽ የለም" ይሉኛል፣ ትክክል ናቸው። እኔ ግን አነሳሽ አድርጋችሁ ክሰሱት አላልኩም፣ በራሱ ቸልተኝነት ክሰሱት ነው የምለው። የመካኒኩ ቃል አለ፣ የጋራዥ ደረሰኝ አለ፣ የስልክ ዝርዝር አለ፣ አሁን ደግሞ ቴሌግራም ላይ "ዛሬ ካልገባህ ደሞዝ የለም" የሚል ጽሑፍ አለ። ልጆች፣ እንደዚህ ዓይነት መልእክት ሲላክላችሁ አታጥፉት። አታጥፉት!

ባለንብረቶች እዚህ አላችሁ፣ አያችኋለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ራሳችሁ ሹፌር ሆናችሁ ያደጋችሁ ናችሁ፣ ባንክ ዕዳ እንዳለባችሁም አውቃለሁ። ተቆጥታችሁ ከምትወጡ ስሙኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 እናንተ ጥፋት ባይኖርባችሁም መኪናችሁ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ናችሁ፣ ሳትፈቅዱ የነዳው ሰው ቢሆን እንኳን። ይሄን ታውቁታላችሁ፣ ኢንሹራንስ የምትገቡት ለዚህ ነው። ኢንሹራንስ የማይገባበት ግን እስር ነው። የመካኒኩን ወረቀት ተቀብላችሁ ኪሳችሁ ከከተታችሁ በኋላ መኪናው ከወጣ፣ እኔ በዚህ በጠበቃነቴ የሟች ቤተሰብ ወክዬ ፖሊስ ጋ ሄጄ "እሱንም መርምሩት" እላለሁ። ሦስት ጊዜ ብያለሁ። አንዴ ተሳክቶልኛል፣ ክሱ ተመስርቷል፣ ገና በክርክር ላይ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሹፌሮች፣ "እምቢ በሉ" ማለት ለእኔ ቀላል ነው፣ ልጅ የሚያበላው የእናንተ እጅ ነው፣ ገባኝ። አባቴም እምቢ ማለት አልቻለም። ግን ቢያንስ በጽሑፍ አድርጉት። "ፍሬኑ ችግር አለበት፣ ከትናንት ጀምሮ አልተኛሁም" ብላችሁ ቴክስት ላኩ፣ ቀኑና ሰዓቱ ይቀመጣል። መልሱ "ግዴለም ሂድ" ከሆነ እሱም ይቀመጣል። ብትሄዱ ጥፋታችሁ አይጠፋም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ እንዲያውም አውቃችሁ እንደሄዳችሁ ማስረጃ ይሆንባችኋል። ለዚህ ነው ጽፋችሁ ስታበቁ ቁጭ በሉ የምለው፣ አብዛኛው ባለንብረት እንደዛ የተጻፈ ነገር ሲያይ "ተመለስ" ነው የሚለው፣ ይሄን ከደንበኞቼ ሰምቼዋለሁ።

ለቤተሰቦች አንድ ሁለት ነገር ብዬ ልጨርስ። ካሣ የመጠየቂያው ጊዜ በመሠረቱ ሁለት ዓመት ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ላይ አለ፣ የወንጀሉ ክርክር እስኪያልቅ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ስትጠብቁ ሊያልፋችሁ ይችላል። ሹፌሩ ከወንጀሉ ነጻ ቢወጣም የካሣው ነገር በዚያ አይዘጋም። የሟች ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅና ልጅ መጠየቅ ይችላሉ። ለሐዘናችሁ ተብሎ የሚሰጠው የሕሊና ካሣ ግን በአንቀጽ 2116 ጣሪያው 1,000 ብር ነው። አንድ ሺህ። በ1952 የተጻፈ ሕግ ነው፣ ያን ጊዜ በሬ ይገዛ ነበር ይባላል፣ ዛሬ ለለቅሶ ድንኳን የአንድ ቀን ኪራይ አይሆንም። አንዲት እናት ይሄን ብር ስትቀበል አጠገቧ ቆሜ ነበር፣ ቆጠረችውና "ይሄ የምኑ ነው?" አለችኝ። ይሄ ሕግ መቀየር አለበት፣ በየመድረኩ እላለሁ፣ እስኪቀየር እላለሁ።

ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ ደግሞ "ሹፌሩ ማን ነው" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። መኪናው የማን ነው? ቦሎው መቼ ነው የተለጠፈው? ሹፌሩ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው መሪ ላይ ያለው? ከየት ተነስቶ ነው? ማን ደወለለት? እነዚህን አስጽፉ፣ መርማሪው ባይጠይቅ እናንተ አስጽፉ፣ ቃላችሁ ውስጥ እንዲገባ በሉ።

አባቴ ከእስር ከወጣ በኋላ ነድቷል፣ ሌላ ሥራ አያውቅም። አሰብ እስኪዘጋ በዛ መስመር ተመላልሷል። እኔ አንድ ክረምት ጋቢና ውስጥ አብሬው ሄጄ ነበር፣ ገዋኔን ስናልፍ ሬዲዮውን ዘጋና መኪናውን ዳር አስይዞ ቆመ። ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ፣ የኋላውንም የተሳቢውንም፣ ሁሉንም። ጎማው ደህና ነበር፣ ጠዋት አይተነዋል። ከዛ ተመልሶ ገባና "እንተኛ" አለኝ። ገና ከሰዓት ነበር።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ማይኩ ይዞራል፣ ወረቀት የያዛችሁ ደግሞ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ጠረጴዛ ጋ ነኝ፣ እስክትጨርሱ አልሄድም። እዛ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁት እናቴ ቀድመው ነው እጃቸውን ያወጡት፣ ለእሳቸው ስጡልኝ።